ከገበያ የወጣው ዳንሂል ናይትካፕ፦ አሮጌውን ጣሳ ከመክፈት እስከ መጨረሻው ጢስ

«ዳንሂል» የሚለው ስም ከፒፓ ትምባሆ ጣሳዎች ላይ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ናይትካፕ የተባለው ቅይጥ በማግስቱ ዓመት ፒተርሰን በተባለው የፒፓ ኩባንያ ስም ፒተርሰን ናይትካፕ ተብሎ ተመልሷል፤ አሮጌውን ጣሳ የሚፈልጉ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ። አንዱ ከሰብሳቢ ይገዛዋል፣ ሌላው ከዘመድ መሳቢያ ያገኘዋል፣ ሌላው ድሮ ገዝቶ አስቀምጦት ረስቶታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጣሳው እጃቸው ላይ ላለ ነው።

ስለ ናይትካፕ ዘወትር የሚሰሙት ቅሬታዎች ሦስት ናቸው፦ ምላስ ይለበልባል፣ ከጢስ ሌላ ጣዕም የለውም፣ ያዞራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የአያያዝ ችግር ናቸው፤ ከእርጥበቱና ከአሳሳቡ ይመጣሉ። ሦስተኛው እውነት ነው። ቅይጡ ጠንካራ ነው፤ ስሙም እንደሚጠቁመው ለምሽት ነው፣ በባዶ ሆድ የሚነካ አይደለም።

ውስጡ ያለው

አራት ዓይነት ቅጠል አለበት፤ ላታኪያ፣ የምሥራቅ ትምባሆ፣ ቨርጂኒያና ፔሪክ። አቆራረጡ ቀጭን ክር ነው፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር ያዘነበለ ሆኖ ቡናማና ገረጣ ያሉ ክሮች ጣል ጣል ይሉበታል።

መሪው ላታኪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከሶርያ ወደብ ቢሆንም ዛሬ ለፒፓ ቅይጥ የሚውለው በአብዛኛው የቆጵሮስ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በዝግ ቤት ተሰቅሎ በመዓዛማ ቁጥቋጦና እንጨት ጢስ ለሳምንታት ይታጠናል። በወይራ ጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ ክዳኑ ሲነሣ የሚመጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ለላታኪያ እንግዳ አይሆንም፤ እዚህ ግን ቆዳና ሬንጅ ይጨመርበታል። ሽታው ሲያስፈራ ብዙ ሰው «ከባድ ነው» ብሎ ይፈርጀዋል። ላታኪያ ግን ቀዝቀዝና ቀስ ብሎ የሚነድ፣ በኒኮቲንም ብርቱ ያልሆነ ቅጠል ነው። የናይትካፕን ጉልበት በላታኪያ ማሳበብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፔሪክና ቨርጂኒያው ናቸው የሚመቱት።

ፔሪክ የሚመጣው በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ከሴንት ጄምስ ፓሪሽ ነው። ቅጠሉ በርሜል ውስጥ ተጠቅጥቆ በራሱ ጭማቂ አንድ ዓመት ያህል ይብላላል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የደረቀ ፕሪም ሽታና አፍንጫ ውስጥ የሚሰማ የቁንዶ በርበሬ ዓይነት ቆንጠጥ ያለ ስሜት ከሱ ነው። ቨርጂኒያው ስኳሩን ያመጣል። የምሥራቁ ትምባሆ ደግሞ ጎምዘዝ ያለ፣ ደረቅ የአበባ መዓዛ ያለው ነው፤ በወጉ ካልተጨሰ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ከመክፈት በፊት

የትኛው ዘመን እንደሆነ ለመለየት የተሠራበትን አገር አንብቡ። አልፍሬድ ዳንሂል በለንደን ዱክ ስትሪት ሱቁን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ከ1981 ጀምሮ ትምባሆውን ያመርት የነበረው በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ያለው መሬይ (Murray) የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራው ኦርሊክ ወደተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ተዛውሯል። ስለዚህ «ዴንማርክ» የሚለው ጣሳ የኋለኛው ዘመን ነው፤ የቤልፋስቱ ቢያንስ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወይም ያለፈ ነው። ልዩነቱ ለሰብሳቢ ዋጋ ነው፤ ለአጫሽ ደግሞ የላታኪያው ጢስ ምን ያህል እንደደበዘዘ የሚነግር ምልክት ነው።

ቀጥሎ ጣሳውን አገላብጣችሁ ጠርዙንና ስፌቱን ፈትሹ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት አያስጨንቅም። የመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ የበሳ ዝገት ካለ ግን አየር ገብቷል ማለት ነው።

ጤነኛ ጣሳ አየሩ ተመጥጦ ስለሚታሸግ ክዳኑ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል። እዚህ ላይ ደጋ የሚኖር ሰው እንዳይሳሳት፦ በባሕር ወለል ከፍታ የታሸገ ጣሳ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሎንዶን ላይ ጥብቅ ብሎ የሰረጎደ ክዳን እዚህ ልል ሊመስል ይችላል። በዚህ ብቻ «ተበላሽቷል» አትበሉ፤ አራገፍ አራገፍ አድርጋችሁ አዳምጡ። እርጥበቱን የያዘ ትምባሆ አንድ ላይ ዱብ ዱብ ይላል፤ የደረቀው ይንኮሻኮሻል።

የምትገዙት ከሩቅ ከሆነ ሻጩን የታችኛውን ገጽ ፎቶ፣ የጠርዙን ፎቶና የጠቅላላውን ጣሳ ክብደት ጠይቁ። የ50 ግራም ጣሳ ነው፤ አንድ ዓይነት ሁለት ጣሳዎች ተመዝነው አንደኛው በ4 ወይም 5 ግራም ከቀለለ ውኃው ወጥቶለታል።

አከፋፈት

ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ክዳኑና ጣሳው በሚገናኙበት ክፍተት ሳንቲም አስገብታችሁ አዙሩት፤ አየር ሲገባ ቀጭን «ፍስስ» ይሰማል። ቢላዋ አትጠቀሙ፤ ጠርዙን ያጣምመዋል፣ እጅንም ይቆርጣል።

በመጀመሪያው ደቂቃ የሚወጣው ሽታ ኮምጣጣና የታፈነ ነው። በዚያ አትፍረዱ። ትምባሆውን በጣት ፈታ ፈታ አድርጋችሁ ክዳኑን ሳታጠብቁ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ እውነተኛው ሽታ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

አሁን በደማቅ ብርሃን እዩት፤ ቢቻል በማጉያ መነጽር። አሮጌ ትምባሆ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ሽታ የሌለው ነጭ ብናኝ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ከቅጠሉ የወጣ ቅንጣት ነው፣ አይጎዳም። ሻጋታ ግን ጸጉር አለው፤ ክሮቹን እርስ በርስ ያያይዛል፣ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሊሄድ ይችላል። በሌላ ትምባሆ አፍንጫ ይበቃል፤ እዚህ የላታኪያው ጢስ የሻጋታን ሽታ ስለሚሸፍን ዓይን እንጂ አፍንጫ አይታመንም። ሻጋታ ካያችሁ ሁሉንም ጣሉት። «የነካውን ብቻ አንሥቼ» የሚባል ነገር የለም።

እርጥበት፦ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው

ለማጨስ የሚመቸው ከጠቅላላ ክብደቱ 12 እስከ 13 በመቶ ገደማ ውኃ ሲይዝ ነው። ከደህና ጣሳ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ ያልተከፈተ ጣሳ ነው ብሎ እንደወጣ ፒፓ ውስጥ መክተት የምላስ መለብለብ ዋናው ምክንያት ነው። ውኃው እንፋሎት ሆኖ ምላስ ያቃጥላል፣ ቅጠሉም ስለማይነድ ሰውየው አጥብቆ ይስባል፣ አጥብቆ ሲስብ ደግሞ የባሰ ይሞቃል።

መለኪያው ጣት ነው። ቁንጥር ያዙና ጨምቃችሁ ልቀቁት።

– እንደተጨመቀ ከቀረ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ፣ እርጥብ ነው።
– ቀስ ብሎ ተዘርግቶ ክሮቹ ሳይሰበሩ ከተፈቱ፣ ደርሷል።
– ከተንኮሻኮሸና ወደ ዱቄት ከሄደ፣ ከመጠን በላይ ደርቋል።

የረጠበውን ለማድረቅ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን 3 ግራም ያህል ብቻ አውጡና ወረቀት ላይ በስሱ አስጡት። ጣሳውን በሙሉ አታድርቁ። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ የተለመደ ነው፤ አገሩ ግን ይወስናል። አዲስ አበባ በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር 10 ደቂቃ ሊበቃ ይችላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ዱባይ ወይም ዶሃ ላሉ፦ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ያደርቃል፣ በሙቀቱ ወራት በረንዳ ላይ የተሰጣ ትምባሆ ግን ይባስ ብሎ እርጥበት ይጠጣል። ፀሐይ፣ ምድጃና የፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሙ፤ ጥድፊያው ከውኃው ጋር መዓዛውን ይወስዳል።

የደረቀውን ማርጠብ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሒሳቡን ተመልከቱ። 50 ግራም ትምባሆ ውኃው 6 በመቶ ብቻ ከቀረ 47 ግራሙ ደረቅ ቅጠል ነው። ያን 13 በመቶ ለማድረስ ጠቅላላ ክብደቱ 54 ግራም መሆን አለበት፤ የሚጨመረው 4 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሰው ግን «ደርቋል» ብሎ በእጁ ውኃ ይረጭበታል፤ በሦስተኛው ቀን የሚያገኘው ሻጋታ ነው።

ትምባሆውን ሰፋ ያለ የሸክላ ወይም የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ፈታ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውኃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ በሳህኑ አፍ ላይ ወጥሩ፤ ጨርቁ ትምባሆውን አይንካ። በየሰዓቱ አንሥታችሁ አገላብጡትና በጣት ፈትኑ። አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ሌሊቱን ጨርቅ ሥር አታሳድሩት። ሲደርስ በመስታወት ብልቃጥ ከድናችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩ፤ ላይ ላዩን የያዘው ውኃ ወደ ውስጥ የሚሰርገው በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማጨስ ከላይ እርጥብ፣ ከውስጥ ገለባ የሆነ ነገር ማጨስ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ ለዓመታት ደርቆ የተቀመጠ ናይትካፕ ውኃው ይመለስለታል፤ መዓዛው ግን ሁሉ አይመለስም። የምሥራቁ ቅጠል መዓዛ አብሮ ሄዷል፤ የሚቀረው ጢስና በርበሬው ነው። ይህን እያወቁ ሙሉ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

ፒፓው

የጉድጓዱ ስፋት 19 ወይም 20 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ35 እስከ 40 ቢሆን ይመረጣል። ጠባብ ፒፓ ላታኪያውን ብቻ ያጎላል፤ ሰፋ ያለው አራቱ ቅጠሎች ባንድ ላይ እንዲነዱ ያደርጋል።

ለዚህ ቅይጥ የራሱን ፒፓ ለዩለት። ላታኪያ በእንጨቱና በጥላሸቱ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጥሎ የምትጨምሩት ጣፋጭ ትምባሆ ለብዙ ጊዜ ጢስ ጢስ ይላል። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ቫኒላና ቼሪ የተጨሰበት ፒፓ የናይትካፕን ጣዕም ያደፈርሰዋል። ሌላ ፒፓ መግዛት የማይፈልግ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራውን ርካሽ ፒፓ ይያዝ። ለጣዕም ፍተሻ እንዲያውም ከብዙ ውድ ብራየር (ከቁጥቋጦ ሥር የሚሠራ የእንጨት ፒፓ) ይሻላል፤ ማንም አላጨሰበትምና።

አሞላሉ ቀላል ነው። ክሩን ሳትጫኑ እስከ አፉ ሙሉት፣ በጣት እስከ ግማሽ ጫኑት፤ ደግማችሁ ሙሉት፣ አሁን ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ እስከ ሁለት ሦስተኛ ጫኑት፤ በሦስተኛው ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሳታቀጣጥሉ ሳቡት። አየሩ ያለ ትግል ይምጣ፣ ትንሽ ተቃውሞ ግን ይኑረው። ካስቸገረ አውጥታችሁ እንደገና ሙሉት፤ በሽቦ መውጋት መፍትሔ አይሆንም።

አቀጣጠልና አሳሳብ

ክብሪት ጥሩ ነው፤ የጫፉ ድኝ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። የጋዝ ላይተር ነበልባሉ ለስላሳ ከሆነ ይሆናል። በቤንዚን የሚሠራው ላይተር ሽታውን ትምባሆው ላይ ያሳርፋል፤ እንደ ችቦ የሚተፋው ደግሞ የፒፓውን ጠርዝ ያከስላል።

የመጀመሪያው ማቀጣጠል ለማክሰል ብቻ ነው። ነበልባሉን በሙሉው ገጽ ላይ አዙሩ፤ ክሮቹ ይነሣሉ፣ ይጠማዘዛሉ። እንዲጠፋ ተዉት፣ በመጠቅጠቂያ በቀስታ አስተካክሉት፣ ከዚያ ዳግም አቀጣጥሉ። ይህን የዘለለ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ ከፒፓው ጋር ሲታገል ይመሻል።

በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ስበት ይበቃል። ሦስት ግራሙ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ በ20 ደቂቃ ካለቀ ያጨሳችሁት ናይትካፕን ሳይሆን ሙቀትን ነው። ፒፓውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ካቃጠለ አስቀምጡት። ቢጠፋ ይጥፋ፤ ደግሞ ማቀጣጠል ነውር የለውም፣ እንዲያውም አብዛኛው ጥሩ ጣዕም የሚመጣው ሊጠፋ ሲል ነው።

ጢሱ ወደ ሳንባ አይገባም። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የፒፓ ትምባሆ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፣ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዛል። ልባችሁ ካለከለከ፣ ላብ ካጠመቃችሁ ወይም ስቅታ ከያዛችሁ ኒኮቲኑ በዝቷል፤ ወዲያው አቁሙና ስኳር ያለበት ነገር ጠጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስም፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው።

ጣዕሙን መለየት

ከዶሮ ወጥ ወይም ከቅመም የበዛበት ምግብ በኋላ የፔሪኩን በርበሬ መለየት አይቻልም፤ አፉ ቀድሞ ተይዟል። ቡናም ከማጨስ በፊት ቢቀር ይሻላል፤ ሁለቱ መራራዎች ይጋጫሉ። ለፍተሻ ቀን ውኃና ያልጣፈጠ ዳቦ ይበቃል።

በመጀመሪያው ሦስተኛ ላይ ላታኪያው ብቻውን ያወራል፤ ቆዳ፣ እንጨት፣ ጢስ። እዚህ ላይ ፈርዶ የሚተወው ብዙ ነው። መሐሉ ላይ ጢሱ ወደ ኋላ ይሸሽና የምሥራቁ ጎምዛዛነትና የቨርጂኒያው ጣፋጭ ይመጣሉ። ፔሪኩን ለማግኘት አፍ ውስጥ ካለው ጢስ ጥቂቱን በአፍንጫ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ፤ ቆንጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ካወጣችሁ ያስነጥሳል እንጂ ጣዕም አይጨምርም። የመጨረሻው ሦስተኛ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ጨው ጨው ይላል። ሲመር አቁሙ። ግርጌው ላይ የሚቀረው ርጥብ ቅሪት መጣል እንጂ መጨረስ የለበትም።

በደህና የቆየ ጣሳ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ይለወጣል። ላታኪያ ከዓመት ዓመት ስለታሙ ጢሱ ይደበዝዛል፤ ቨርጂኒያው ግን እየተብላላ ይጣፍጣል። ስለዚህ አሮጌው ናይትካፕ ከአዲሱ የበለጠ ክብና ለስላሳ፣ ግን ጢሱ ያነሰ ነው። ጠንካራ ጢስ ለሚወድ ሰው የሃያ ዓመቱ ጣሳ ቅር ያሰኘዋል። ተጨማሪ አሥር ዓመት ማስቀመጥም ላታኪያውን አይመልሰውም፤ ክፈቱትና አጭሱት።

ሲበላሽ

ፒፓው ከተንቆረቆረ እርጥበት አንገቱ ላይ ተጠራቅሟል፤ የፒፓ መጥረጊያውን (በጥጥ የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ) ከአፍ መያዣው በኩል እስከ ጉድጓዱ አስገብታችሁ አውጡት፣ ቀጥሉ። በሚቀጥለው ጊዜ 10 ደቂቃ ጨምራችሁ አድርቁ። ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ ወይ ረጥቧል ወይ ተጠቅጥቋል፤ ቀድማችሁ እርጥበቱን ጠርጥሩ። አመድ አመድ ብቻ ካለ ከመጠን በላይ ደርቋል። ምላስ ከለበለበ ለሁለት ቀን አርፉ፤ በተላጠ ምላስ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ዋጋ የለውም።

ከፒተርሰን ጋር ማወዳደር

«የድሮው ይሻላል» ከማለት በፊት ማወዳደሪያው እኩል ይሁን። ከሁለቱም 2.5 ግራም መዝኑ፣ ሁለቱንም አንድ ዓይነት እርጥበት ላይ አድርሱ፣ በአንድ ዓይነት ሁለት የቆረቆንዳ ፒፓ በተለያዩ ምሽቶች አጭሱ። ብልቃጦቹን ሌላ ሰው ከሥራቸው ምልክት ያድርግባቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ጻፉ። ሰዎች ለስሙ የሚሰጡት ልዩነት ባብዛኛው የዕድሜ ልዩነት ነው፤ የስምንት ዓመትን ትምባሆ ከስምንት ወሩ ጋር አወዳድሮ በአምራች ላይ መፍረድ ትክክል አይደለም።

አዲሱን ወደ አሮጌው ለማስጠጋት ብልቃጥ ውስጥ ሞልታችሁ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት አስቀምጡት። አሮጌውን ወደ አዲሱ ለማስጠጋት ደግሞ፣ ለቅይጥ ብቻውን የሚሸጥ የቆጵሮስ ላታኪያ ካገኛችሁ፣ ለ10 ግራም ናይትካፕ 0.5 ግራም ጨምራችሁ አቀላቅሉና ሁለት ሳምንት ተከድኖ ይቆይ። አጉል የሚሆነው አንድ ግራም ሲጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ናይትካፕነቱ ይቀራል።

አቀማመጥ

የተከፈተ ጣሳ እንደገና ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። በሳምንት ውስጥ የማያልቅ ከሆነ ወደ መስታወት ብልቃጥ ገልብጡት፤ ክዳኑ ጎማ ያለው ይሁን፣ ብልቃጡም ለትምባሆው ልክ ይሁን፣ ባዶ ቦታ አይብዛ። እርጥበት ጠባቂ ከረጢት የምትጠቀሙ 62 ወይም 65 በመቶ (የአየር እርጥበት) የሚለውን ምረጡ። የድንች ወይም የብርቱካን ልጣጭ አትጨምሩ፤ እርጥበት ይሰጣል ተብሎ ይደረጋል፣ የሚሰጠው ግን ሻጋታ ነው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቁም ሣጥን ይበቃል፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ላታኪያ የያዘው የብልቃጥ ጎማ ቢታጠብም ሽታው አይለቀውም፤ ለሌላ ትምባሆ ልታውሉት ከሆነ ጎማውን ቀይሩ። ክዳኑ ላይ የጣሳውን ዘመንና የተከፈተበትን ወር ጻፉ።